ሥነ ምህዳርን በገመድና በችካል ያስተማርሁበት መንገድ

በደቡብ ወሎ፣ ከሐይቅ ከተማ ብዙም በማይርቅ ትምህርት ቤት ሥነ ሕይወት አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ "አምራች፣ ተመጋቢ፣ አብስባሽ" የሚሉትን ቃላት በአንድ ቀን ይሸመድዳሉ፤ ከደጃቸው ያለውን ተራራ ግን በዚያ ዓይን አያዩትም። ስለዚህ ምዕራፉን ከክፍል አውጥቼ ወደ ተራራው ወሰድሁት።

ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ተዳፋቶችን መረጥሁ። አንደኛው ከከብትና ከመጥረቢያ ተከልሎ የቆየ ነው፤ ሌላው እስከ ዛሬ ይጋጣል። የሚዘንብባቸው ዝናብ አንድ ነው፤ ከፍታቸውም ያው ነው። በገመድና በአራት ችካል አንድ ሜትር በአንድ ሜትር እንወጥርና በውስጡ ያለውን ሁሉ እንመዘግባለን። ስሙን ያላወቅነውን ተክል እረኞች ይነግሩናል፤ እነሱ የማያውቁት ቅጠል ጥቂት ነው።

በሚጋጠው በኩል ያገኘነው መሬት ላይ የተለጠፈ ሰርዶና ጠጠር ነው። በተከለለው በኩል ክትክታ ሞልቷል። አንዲት ተማሪ "መምህር፣ ክትክታ ብቻ ከሆነ መከለሉ ምን ጠቀመ?" አለችኝ። ጎንበስ ብላ ከሥሩ እንድታይ ነገርኋት። የረገፈው ቅጠል ላዩ ደረቅ፣ ሥሩ እርጥብ ነው፤ በመካከሉ ነጫጭ የሻጋታ ክሮች ተዘርግተዋል፤ ከዚያ መሐል ጣት የምታህል የወይራ ችግኝ ወጥታለች። ማንም አልተከላትም። ወፍ ፍሬውን በልታ ክትክታው ላይ አርፋ ነው ዘሩን የጣለችው።

ሥርዓቱ እዚህ ላይ ይታያል። ክትክታ ድርቅ ይችላል፤ ከብት እምብዛም አይነካውም፤ ክንፍ ያለውን ፍሬውን ነፋስ ይበትንለታል። ስለዚህ በተራቆተ መሬት ቀድሞ ይገባል። ጥላው እርጥበት ይይዛል፤ ወይራ በዚያ ያድጋል። ወይራው ሲረዝም ግን ፀሐይ ወዳዱ ክትክታ ይዳከማል። ለራሱ ተተኪ የሚያሳድግ ተክል ማየት ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

ታሪኩ ግን ቀጥ ብሎ አይሄድም። አንድ አዛውንት እንደነገሩን ከ77ቱ ድርቅ በኋላ እርከን ተሠርቶ ተራራው ተከለለ፤ መንግሥት ሲለወጥ ተጨፈጨፈ፤ ኋላ እንደገና ተከለለ። "አብሽሩ፣ መሬት ከተዉት ይመለሳል" አሉን። አክብሬ ሰማኋቸው፤ በዚህ ግን ሙሉ በሙሉ አልስማማም። አፈሩ ታጥቦ አለቱ በወጣበት ቦታ መከለል ብቻውን በአንድ ሰው ዕድሜ ጫካ አይመልስም።

የታጠበው አፈር የሚወርደው ወደ ሐይቁ ነው፤ እኛም ተከትለነው ወረድን። ቆሮሶ የተባለው ዓሣ ዛሬ የዓሣ አጥማጆቹ እንጀራ ነው፤ ወደ ሐይቁ የገባው ግን እ.ኤ.አ. በ1978 በሰው እጅ ነው። ከዚያ በፊት ውሃው እጅግ የጠራ ነበር፤ በኋላ ግልጽነቱ በብዙ ቀንሷል። አንዱ ምክንያት ዓሣው አልጌ (ሲበዛ ውሃውን የሚያደፈርስ ደቃቅ አረንጓዴ ነገር) የሚበሉትን ደቃቅ እንስሳት መመገቡ ነው። እነሱ ሲያንሱ አልጌው በዛ። ነጭ ሳህን በገመድ አስረን ከጀልባ ላይ እናወርድና ከዓይን የሚሰወርበትን ጥልቀት እንለካለን። ክረምት ላይ ጎርፍ ከገባ በኋላ ሳህኑ ቶሎ ይጠፋል።

ይህን ለመሞከር ለሚያስብ መምህር የምመክረው፣ ከሁሉ በፊት አንድ የሚመሳሰል ነገር ያላቸውን ሁለት ቦታዎች እንዲፈልግ ነው፤ ብቻውን የታየ ጫካ ምን እንደተለወጠ አይናገርም። ከዝናብ በኋላና በበጋ ወደዚያው ቦታ መመለስም ያስፈልጋል። እኛ ችካሎቹን አንነቅልም። ደብተሩ በትምህርት ቤቱ ይቀመጣል፤ የሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች በእነዚያው ችካሎች መካከል ቆጥረው ከቀደመው ጋር ያስተያያሉ።