«15 ዲግሪ ነው» ብዬ እናቴን የላክኳት ጥር

ይህን የምጽፈው ከድሬዳዋ ወይም ከሐረር እናቱን፣ አባቱን ወይም አክስቱን በታኅሣሥና በጥር ወደ ሰሜን አሜሪካ ሊልክ ለሚዘጋጅ ሰው ነው። እኔን ያስጠነቀቀኝ አልነበረም። ሰው ሁሉ የሚያወራኝ ስለ ቪዛና ስለ ኪሎ ነበር። ስለ አየሩ «ብርድ ነው፣ በደንብ ትልበስ» ከማለት ያለፈ ማንም የለም።

ጊዜው 2011 ዓ.ም. ነው። ሚኒያፖሊስ የምትኖረው እህቴ የመውለጃዋ ቀን ደርሷል። እማዬ ልታርሳት ትሄዳለች። ፓስፖርቱ ወጣ። አዲስ አበባ ሄደን ለኢንተርቪው ቀረበች፣ ቪዛው ተመታላት። ቲኬት ተቆረጠ፤ ከድሬ አዲስ አበባ፣ ከዚያ በአውሮፓ በኩል ቺካጎ፣ ከቺካጎ ሚኒያፖሊስ። ቺካጎ የምትገባው ጥር 21፣ በአስተርዮ ማርያም ዕለት። በሶው፣ የገንፎው ዱቄት፣ በርበሬውና ሽሮው ተዘጋጀ። ዊልቸር አስመዘገብንላት። እግሯ ደህና ነው፤ ግን እንግሊዝኛ ስለማትችል ከአንዱ በር ወደ ሌላው የሚያደርሳት ሰው እንዲኖር ብለን ነው። ከሠራኋቸው ነገሮች ሁሉ አንዱ ትክክል የነበረው ይሄ ነው። ለሁሉም እመክራለሁ።

የተበላሸው የአየር ትንበያው ላይ ነው።

ከጉዞው 10 ቀን ገደማ ሲቀረው እህቴ የስልኳን ስክሪን ፎቶ አንስታ በዋትሳፕ ላከችልኝ። የሳምንቱ ትንበያ ነው። 15፣ 12፣ 18 ይላል። ከጎኑ ትንሽ የበረዶ ምልክት አለ። እኔ 15ን አየሁና ልቤ አረፈ። ድሬም እኮ በጥር ንጋት ላይ 15 ገደማ ትወርዳለች። እማዬን «የሐረር ብርድ ማለት ነው፤ ሹራብ ይበቃሻል» አልኳት። በገዛ አፌ ነው ያልኳት።

አሜሪካ ሙቀት የሚለካው በፋራናይት ነው። በእነሱ መለኪያ ውኃ የሚረጋው ዜሮ ላይ ሳይሆን 32 ላይ ነው። 15 ፋራናይት በእኛ ሴልሺየስ ከዜሮ በታች 9 ነው። እህቴ እዚያ ብዙ ዓመት ስለኖረች ማስረዳት እንዳለባት ትዝ አላላትም። እኔም አልጠየቅኳት። ቶሎ ለመገመት 32 ቀንሱና ለ2 አካፍሉት። ትንሽ ይዛባል፣ ግን ሰው ከመግደል ያድናል።

ቋንቋችንም አሳስቶናል። እህቴ «ክረምት ነው» ስትል እማዬ ጃንጥላ ሻንጣ ውስጥ ከተተች። ክረምት ለእኛ ዝናብ ነው፤ የእነሱ ክረምት የሚውለው በእኛ በጋ ነው። «በረዶ ይጥላል» ሲባል ደግሞ ቆርቆሮ ላይ የሚንኳኳው ጠጠር በረዶ መሰላት። እሱ ይጥላል፣ ያባራል፣ ይቀልጣል። አመዳዩንም፣ ጠጠሩንም፣ ፍሪጅ ውስጥ የሚረጋውንም በረዶ ነው የምንለው። ስለዚህ ሰውዬው ምን እንደሚጠብቀው ስትነግሩት ስሙን ብቻ አትንገሩት። ሳምንት ሙሉ መሬት ላይ እንደሚቆይ፣ እንደሚያንሸራትት፣ ጫማ ውስጥ እንደሚገባ ንገሩት።

ጥር 18 ቅዳሜ እህቴ ደወለች። ድምፅዋ ሌላ ነው። ትንበያው ተለውጧል። ቁጥሮቹ ከዜሮ በታች 20ዎቹ ውስጥ ገብተዋል፣ ያውም በፋራናይት። ከስር ደግሞ «የሚሰማው ቅዝቃዜ» ተብሎ ከዜሮ በታች 50 የሚል ነገር አለ። እኔ ስልኩ የተበላሸ ነበር የመሰለኝ።

አልተበላሸም። በሰሜን ዋልታ ላይ ከፍ ብሎ የሚሽከረከር ፖላር ቮርቴክስ የሚባል የብርድ አዙሪት አለ። በዚያ ዓመት ታኅሣሥ ማብቂያ አካባቢ ከላይ ያለው አየር በድንገት ሞቀና አዙሪቱ ተከፋፈለ። ከዚያ የአርክቲክ ቅዝቃዜ ወደ ደቡብ ፈሰሰ። የአየር ትንበያ ሰዎቹ ስለዚህ ነገር ከሳምንታት በፊት ጀምረው ይናገሩ ነበር። ጆሮ ያልሰጠሁት እኔ ነኝ።

«የሚሰማው ቅዝቃዜ» የሚባለውን ነገር ደግሞ ድሬ ያደገ ሰው ከማንም በላይ ሊያውቀው ይገባል። ቬንቲሌተር ክፍሉን አያቀዘቅዝም። ሰውነታችሁ ዙሪያ ያለውን ሙቅ አየር ገፎ ስለሚወስደው ነው የሚቀዘቅዛችሁ። እዚያም ነፋሱ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ሰውነት ለራሱ ያሞቃትን ስስ አየር ይገፋታል፣ ሥጋ ባዶውን ይቀራል። የሚሰማው ቅዝቃዜ በሴልሺየስ ከዜሮ በታች 28 ሲደርስ ያልተሸፈነ ቆዳ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሊረጋ ይችላል። ከዜሮ በታች 40ን ሲያልፍ ደቂቃዎች ይበቃሉ። ማየት ያለባችሁ ቁጥር ይሄ ነው። በትልቁ የተጻፈው ቁጥር ለግድግዳው ነው፣ ከስር በትንሹ የተጻፈው ለሰውየው።

ያኔውኑ በባጃጅ ወደ ቲኬት ቢሮው ሄድኩ። የየትኛው እንደሆነ አልናገርም። ስለዚያ ቀን ሳስብ ግን አሁንም ደሜ ይፈላል። ልጁ ከኮምፒውተሩ ቀና ሳይል «በሲስተም ኮንፈርም ነው» አለኝ። ቺካጎ ላይ ከባድ ብርድ ተተንብዮአል፣ በሳምንት እናራዝመው አልኩት። «በረራው ካልተሰረዘ መቀየር ቅጣት አለው» አለ። ስንት? ነገረኝ። ከወር ደመወዜ ይበልጣል። «አየር ሁኔታ የሚያሳስበው ፓይለቱን ነው» ብሎ ጨመረልኝ። ልብሱንስ? «የሚከብደውን ሻንጣ ውስጥ ክተቱት፣ በእጅ የሚያዘው 7 ኪሎ ነው።» አመስግኜው ወጣሁ። አመስግኜው!

ያላወቅኩት ይህን ነው። ከባድ አየር ሲተነበይ አየር መንገዶች ለተወሰኑ ከተሞችና ለተወሰኑ ቀናት የለውጥ ቅጣቱን ያነሳሉ። በድረ ገጻቸው ላይ ይለጥፉታል። የቺካጎውም ተለጥፎ ነበር፤ ያየሁት ግን እማዬ ከደረሰች በኋላ ነው። ለዚያ ልጅ ይህን ማወቅ ሥራው ነበር። ለእኔ ደግሞ «ቅጣት» የሚለውን ቃል ስሰማ ዝም ብዬ ከመውጣት አንዴ «በአየሩ ሁኔታ ምክንያት ቅጣቱ አልተነሳም ወይ?» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ገንዘቡን አሰብኩ።

የሚያንገበግበኝ ሌላም አለ። እኔ የደቻቱ ሰፈር ልጅ ነኝ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ሲመጣ ከተማው ተኝቶ ነበር። ዝናቡ የጣለው ላይ፣ በደንገጎ በኩል ባሉት ተራሮች ነው። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ያን ጠዋት ያየ ሰው አደጋ ከማያየው ቦታ ተነስቶ እንደሚመጣ ያውቃል። ያኔ ቀድሞ የነገረን ቢኖር እንል ነበር። ይኸው ቀድሞ ተነገረኝ፣ በስልኬ መጣልኝ፣ እኔም ቲኬት ቢሮ ልጅ ቃል ላይ ተኛሁ።

ጥር 20 እማዬን ድሬ ኤርፖርት ሸኘናት። ከሰዓት ነው፣ ወደ 28 ዲግሪ ይሆናል። እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ከሳልባጅ የገዛሁላት ወፍራም ካፖርት ነበር። ሻንጣ ውስጥ ነው የከተትነው። በዚያ ሙቀት ማን ይለብሰዋል? የሐበሻ ቀሚስ፣ ሹራብ፣ ነጠላ፣ ክፍት ጫማ። ጆሮዋ ላይ የወርቅ ጉትቻዋ።

ቺካጎ ስትደርስ የሚኒያፖሊሱ በረራ ተሰርዟል። በዚያ ሁለት ቀን ቺካጎ ላይ ከ1,000 በላይ በረራ ተሰርዟል። በማግስቱ ጠዋት ከተማው ከዜሮ በታች 31 ሴልሺየስ ገባ። እማዬ ወንበር ላይ አደረች። አንዲት ጽዳት የምትሠራ የአገራችን ልጅ አግኝታት በስልኳ አገናኘችን፣ የራሷንም ካልሲ ሰጠቻት። ስሟን እንኳ አልያዝንም። እግዜር ይስጣት።

ሚኒያፖሊስ የገባችው ጥር 22 እዚያ ማታ 3 ሰዓት ላይ ነው። እዚህ ንጋት 12 ሰዓት ነበር። ሻንጣዋ ቺካጎ ቀርቷል። ካፖርቱም አብሮ። ያን ዕለት ጠዋት ሚኒያፖሊስ ከዜሮ በታች 33 ሴልሺየስ ነበር፤ ነፋሱ ሲጨመርበት ከዜሮ በታች 45ን ያልፋል። ፖስታ ማደል እንኳ ቆሞ ነበር። ማታም ቢሆን ከዜሮ በታች 25ን ያልፋል። የእህቴ ባል የራሱን ጃኬት አልብሷት ወደ መኪናው ሄዱ። መኪናው አልነሳ አለ። ባትሪ በብርድ ኃይሉን ያጣል። የሚያስነሳላቸው ሰው እስኪያገኙ 20 ደቂቃ እንደ ፍሪጅ በቀዘቀዘ መኪና ውስጥ ተቀመጡ። ጃኬቱ ኮፍያ የለውም። ነጠላው ከራሷ ተንሸራቷል። እሷም አገር ያሳፈረች መስሏት «ደህና ነኝ» ትላለች።

ቤት ገብተው በቪዲዮ ደወሉልኝ። እህቴ ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋችው። ጉትቻው የገባበት የጆሮዋ ጫፍ ነጭ ሆኗል። የሻማ ነጭ። ብረት ሙቀትን ቶሎ ስለሚስብ ወርቁ ብርዱን ሥጋዋ ውስጥ አስገብቶታል። እህቴ በጣቷ ስትነካው እማዬ ምንም አይሰማኝም አለች። እኔ ከድሬ ሆኜ «እሹላት! ቅቤ ቀቢው!» ብዬ ጮህኩ። አሹት።

ያን ማድረግ አልነበረብንም። የረጋ ሥጋ አይታሽም፤ ሲታሽ ይጎዳል። በሙቅ ማሞቂያ ወይም በእሳት ፊትም አይቀርብም፤ ስለማይሰማው ይቃጠላል። ትክክሉ ለብ ባለ ውኃ ማሞቅ ነው፤ ከ37 እስከ 39 ዲግሪ፣ ሕፃን እንደሚታጠብበት ዓይነት። ከዚያ ሐኪም። በማግስቱ ጆሮዋ ውኃ ቋጠረ፣ ቆዳው ተላጠ። ሐኪሙ «ማነው ያሸው?» ብሎ ሲጠይቅ እህቴ እኔ መሆኔን አልተናገረችም። ጫፉ እስከ ዛሬ ጥቁር ነው። ሲበርዳት ያማታል። ሐረር ስትሄድ እንኳ ጆሮዋን በነጠላ ትጠቀልላለች።

ሕፃኗ በሰላም ተወለደች። እማዬም አርሳ ተመለሰች። እኔ ግን ነገሩን ልረሳው አልቻልኩም። ሁለት ክረምት ሙሉ፣ የእነሱን ክረምት ማለቴ ነው፣ የሚኒያፖሊስን ትንበያ ከቡና ጋር እያነበብኩ ነው ያሳለፍኩት። የአሜሪካው የአየር ሁኔታ አገልግሎት ድረ ገጽ ነፃ ነው። ትንበያውን የሚሠሩት ባለሙያዎች ምን እንደሚያስቡ በጽሑፍ ያወጣሉ፤ ስልክ ላይ ካለችው የበረዶ ምልክት መቶ እጥፍ ይሻላል። «ዋች» ካሉ ሊመጣ ይችላል፣ ተዘጋጁ ማለት ነው። «ዋርኒንግ» ካሉ መጥቷል ወይም ደጃፍ ላይ ነው። ሰው «ዋርኒንግ እስኪወጣ ጠብቁ» ይላል። እኔ አልስማማም። ከድሬ የሚነሳ ሰው ጉዞው ብቻ ከአንድ ቀን በላይ ነው፤ ዋርኒንግ ሲወጣ እሱ አየር ላይ ነው። ዋች እንደወጣ ቲኬቱን ለማስቀየር ሩጡ።

በ2015 ዓ.ም. ታኅሣሥ አክስቴ ከሐረር ወደዚያው ልትሄድ ሆነ። ቲኬቷ ልክ በፈረንጆቹ ገና ዋዜማ ሳምንት ነው የዋለው። ከአምስት ቀን በፊት ጽሑፉን ሳነብ በረዶ፣ ነፋስና የአርክቲክ ብርድ አንድ ላይ እንደሚመጡ ይናገራል። ብሊዛርድ የሚሉት ነው። ነፋሱ በሰዓት 56 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ሆኖ 400 ሜትር ርቀት ማየት ለሦስት ሰዓት ሲያቅት ስሙ ያ ነው። አዲስ በረዶ መጣልም የለበትም፣ መሬት የተኛው ይነሳል።

ቢሮ ሄድኩ። ሌላ ልጅ ነው፣ ያው «ኮንፈርም ነው»። ስልኬን አውጥቼ ቅጣት የተነሳበትን ገጽ ፊቱ ላይ አስቀመጥኩለት። የከተማውን ስምና ቀኑን በጣቴ አሳየሁት። አነበበው። ደወለ። ጠበቅኩ። ሁለት ሰዓት ፈጀ፣ ግን አንድ ብር ሳንከፍል በሳምንት ተራዘመ። በዚያ ሳምንት በሺዎች የሚቆጠሩ በረራዎች ተሰረዙ። ባፋሎ የምትባለው ከተማ ከ1 ሜትር በላይ በረዶ ተከመረባት፣ በዚያ አካባቢ ብቻ ከ40 በላይ ሰው ሞተ። አክስቴ ያን ሳምንት ሐረር ቤቷ ቡና እያፈላች ነበር። በሕይወቴ ከሠራሁት ነገር እንደዚህ የኮራሁበት ጥቂት ነው።

ስትሄድ ካፖርቱን ድሬ ኤርፖርት ላይ አስለበስኳት። ሰው እያየ፣ እሷም «አቦ፣ አቃጠልከኝ!» እያለች። የተለበሰ ልብስ ኪሎ አይቆጠርም። ጉትቻዋን አስወልቄ ቦርሳዋ ውስጥ ከተትኩ። የተሸፈነ ጫማ፣ ሁለት ካልሲ፣ ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያ፣ ጓንት። ጓንቱ አምስት ጣት ያለው ሳይሆን አራቱ ጣት አንድ ላይ የሚገባበት ይሁን፣ ጣቶች እርስ በርስ ይሞቃሉ። የሚቀበላትም ሰው መኪናውን ሞተሩ እንደተነሳ በሩ ላይ እንዲያደርስ፣ አንዱ ገብቶ እንዲቀበላት፣ አንዱ መኪና ውስጥ እንዲቆይ ተነጋገርን። «ልብሱን እዚህ እንገዛላታለን» የሚሉትን ዘመዶች አልሰማኋቸውም። ብርዱ ሱቅ እስክትደርስ አይጠብቅም።

ያ ካፖርት ከአክስቴ ጋር ተመልሶ አሁን ሳሎናችን በር ጀርባ ተሰቅሏል። ከእሷ በኋላ አራት ሰው ለብሶት ሄዷል፣ አንዷ የማላውቃት የጎረቤት እህት ናት። ኪሱ ውስጥ ጓንቱና ኮፍያው አለ። እማዬ በየጊዜው አውጥታ ፀሐይ ታሰጣዋለች።