የሰፈር ታሪክ ማኅበር መተዳደሪያ ደንብ እንዴት እንዳረቀቅን

የአራዳንና የፒያሳን ሰፈሮች ታሪክ ለመሰብሰብ ያቋቋምነው ማኅበር መተዳደሪያ ደንቡን ሲያዘጋጅ የአርቃቂ ኮሚቴው ጸሐፊ ሆኜ ሠርቻለሁ። ተመሳሳይ ማኅበር ለማቋቋም የሚያስቡ የሌሎች ሰፈሮች ሰዎች ደንባችንን እንድናውሳቸው ስለጠየቁን፣ ሰነዱን ብቻ ከመስጠት ዋና ዋናዎቹ አንቀጾች ለምን እንደዚያ እንደተጻፉ ማስረዳቱ የበለጠ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። የደንብ ቃል መገልበጥ ቀላል ነው፤ አንቀጹን የወለደው ክርክር ግን አብሮ አይገለበጥም።

መነሻችን የእድር ደንቦች ነበሩ። አብዛኞቹ መሥራቾች በእድር ውስጥ ያደጉ በመሆናቸው ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና ተቆጣጣሪ ምን እንደሚሠሩ፣ ቃለ ጉባኤ እንዴት እንደሚያዝ፣ መዋጮ በደረሰኝ እንደሚሰበሰብ ለማንም ማስተማር አላስፈለገንም። ይህ የሥርዓት ልምድ በየሰፈሩ ያለ ትልቅ ሀብት ነው። ሆኖም እድር የሚቆመው ለአባሉና ለቤተሰቡ ሲሆን፣ የታሪክ ማኅበር የሚሠራው አባል ላልሆነውና ገና ላልተወለደው ሰው ጭምር ነው። ስለዚህ የአሠራር ሥርዓቱን ወስደን፣ ከስብሰባ የቀረ ይቀጣል የሚለውን አልወሰድንም፤ ሰው ትዝታውን የሚያካፍለው ቅጣት ፈርቶ አይደለምና።

ቀጥሎ የተመለከትነው ሕጉን ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ማኅበር የሚለው አምስት ወይም ከዚያ በላይ አባላት የሚመሠርቱትንና ጠቅላላ ጉባኤ የበላይ ወሳኝ አካሉ የሆነውን ድርጅት ነው። ከዚህ ሌላ በቦርድ የሚመራ ድርጅት ማቋቋምም ይቻላል። አንዳንድ መሥራቾች ውሳኔው ስለሚፈጥን ቦርዱ ይሻላል ብለው ተከራክረዋል። እኔ የማኅበሩን ቅርጽ የደገፍሁት፣ የሰፈር ታሪክ ባለቤቶቹ ብዙ ስለሆኑ ጥቂት ሰዎች በር ዘግተው የሚወስኑበት ሊሆን አይገባም በሚል ነበር፤ ዛሬም በዚሁ አቋሜ ጸንቻለሁ። አዋጁ ለእኛ የጠቀመበት ሌላ ነጥብም አለ። በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 621/2001 የኢትዮጵያ ማኅበር ለመባል አባላቱ በሙሉ ኢትዮጵያውያን መሆን፣ ከውጭ ምንጭ የሚገኘው ገቢም ከ10 በመቶ መብለጥ የለበትም ነበር። አዲሱ አዋጅ ግን አገር በቀል ድርጅት በኢትዮጵያውያን፣ በኢትዮጵያ ነዋሪ በሆኑ የውጭ ዜጎች ወይም በሁለቱም በአንድነት ሊመሠረት እንደሚችል ይደነግጋል። የአርመኑ፣ የግሪኩ፣ የጣሊያኑና የህንዱ ነጋዴና ባለሙያ ከሀገሬው ጋር አብሮ በገነባው በፒያሳ፣ የእነዚያ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ከማኅበሩ ውጭ ቢቀሩ ታሪኩ ጎደሎ ይሆን ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ያደከመንና ከሁሉ ይልቅ ያስተማረን አባል ማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው ረቂቅ አባል የሚሆነው በወረዳዎቹ ውስጥ የሚኖር ሰው እንደሆነ ይደነግግ ነበር፤ ብዙ የሰፈር ማኅበራት ደንብም እንደዚያው ነው። በ2016 ዓ.ም. ግን በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ከፒያሳ፣ ከዶሮ ማነቂያና ከአካባቢው ብዙ ነዋሪዎች ተነሥተው ወደ ሌሎች የከተማዋ ክፍሎች ሄደዋል። በመኖሪያ አድራሻ ብንወስን ኖሮ ሰፈሩን በልባቸው የያዙት ሰዎች ሁሉ በአንድ አንቀጽ ከማኅበሩ ይወጡ ነበር። ረቂቁ ለውይይት በቀረበ ጊዜ አንዲት እናት ተነሥተው፣ «ልጆቼ፣ ቤቴ ቢፈርስ የማውቀው ነገር አብሮ ፈረሰ ወይ?» ብለው ጠየቁ። አዳራሹ ውስጥ መልስ የሚሰጥ አልነበረም፤ አንቀጹም በዚያው ስብሰባ ተሰረዘ። ትውልድን መመዘኛ እናድርግ የሚለው አማራጭም አልተሻለም። አራዳን አራዳ ያደረጋት ከየክፍለ ሀገሩ መጥቶ በጊዮርጊስ ዙሪያ የነገደ፣ የሰፋ፣ ያስተማረ ሰው ነውና በልደት መዝጋት የሰፈሩን ተፈጥሮ መካድ ይሆናል።

የጸደቀው አንቀጽ ዕድሜው 18 ዓመት የሞላው፣ የማኅበሩን ዓላማ በጽሑፍ የተቀበለና መዋጮውን የሚከፍል ማንኛውም ሰው የትም ቢኖር መደበኛ አባል ሊሆን እንደሚችል ይላል። አመልካቹ ሁለት አባላት ይመስክሩለት የሚለውን ሐሳብ አልተቀበልንም፤ ምስክር መጠየቅ ማኅበሩን ቀስ በቀስ የተዋዋቂዎች ስብስብ ያደርገዋል። በምትኩ ሥራ አስፈጻሚው ለማመልከቻው በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲመልስ፣ ካልተቀበለም ምክንያቱን እንዲገልጽ፣ አመልካቹም ለጠቅላላ ጉባኤ ይግባኝ እንዲል አደረግን። ምሁራን የሆኑ ጥቂት ባልደረቦች ድምፅ የመስጠት መብት በታሪክ ወይም በተቀራራቢ ሙያ ዲግሪ ላላቸው ብቻ ይሁን ብለው ነበር። ለሙያው ያላቸውን ክብር እጋራለሁ፤ ነገር ግን የትኛው ሱቅ በማን ስም እንደተከፈተና የትኛው ግቢ የማን እንደነበረ የሚያውቁት ልብስ ሰፊዎች፣ ፎቶ አንሺዎችና ሻይ ቤት የከፈቱ እናቶች ናቸው። ሙያው የሚፈለግበት ቦታ የጥናትና ኅትመት ኮሚቴው ስለሆነ የትምህርት መመዘኛውን በዚያ ብቻ አስቀመጥን። የክብር አባላት በሐሳብ ይሳተፋሉ እንጂ ድምፅ አይሰጡም፤ ይህን በግልጽ መጻፍ ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም በክብር የተጋበዘ ታዋቂ ሰው በምርጫ ቀን እጁን ሲያነሣ የሚከለክለው ሰው አይገኝም።

በቸርችል ጎዳና ግራና ቀኝ የቆዩ ዕቃዎችን የሚሸጡ ነጋዴዎች አባል ይሁኑ ወይስ አይሁኑ የሚለውም አከራክሯል። ስለ ዕቃው ያላቸው ዕውቀት ብዙ ስለሆነ እንዲገቡ ፈቀድን፤ የጥቅም ግጭት እንዳይፈጠር ግን ቅርስ በሚረከበውና በሚመዘግበው ኮሚቴ ውስጥ እንዳይመረጡ ከለከልን። ክልከላው ዕቃ ለሚሰበስቡ ግለሰቦችና ለሥራ አስፈጻሚው አባላት የቅርብ ዘመዶችም በእኩል ይሠራል።

የአደራው ምዕራፍ የደንቡ ልብ ነው ብዬ አምናለሁ። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ በመንግሥት ብቻ ሳይሆን በማንኛውም ሰው ባለቤትነትም ሊያዝ ይችላል። እኛ ዘንድ የሚመጣው የሠርግ ፎቶግራፍ፣ የቤት ካርታ፣ የደመወዝ ደብተር፣ የሱቅ ማስታወቂያ ሁሉ ባለቤት አለው ማለት ነው። ስለዚህ ርክክቡን በሦስት ከፈልነው፤ በስጦታ የማኅበሩ ንብረት የሚሆን፣ ባለቤትነቱ ሳይለወጥ በአደራ የሚቀመጥ፣ ቅጂው ተወስዶ ዋናው ወዲያው የሚመለስ። ለእያንዳንዱ የተለየ ቅጽ አለው፤ ከማኅበሩ በኩል ሁለት ሰዎች ይፈርሙበታል፤ አንዱ ቅጂ በባለቤቱ እጅ ይቀራል። ማንኛውም ሰነድ ለአንድ ሌሊትም ቢሆን በሥራ አስፈጻሚ አባል ቤት እንዳያድር ደንግገናል። ይህ አንቀጽ ሰውን ያለማመን መስሎ የታያቸው ነበሩ፤ እኔ ግን ለሐቀኛው ሰው መከላከያ አድርጌ አየዋለሁ፣ ዕቃ ሲጠፋ የሚጠየቀው በቤቱ ያሳደረው ነውና። በጥር 2007 ዓ.ም. በጣይቱ ሆቴል የደረሰው ቃጠሎ አሮጌ የእንጨት ሥራ ያለበት ቤት በጥቂት ሰዓት ምን እንደሚሆን ለሁላችንም ያሳየ ስለነበር፣ የዲጂታል ቅጂዎች በሁለት የተለያዩ ሕንፃዎች ይቀመጣሉ የሚለውን ማንም አልተቃወመም።

ማኅበሩ ቢፈርስስ? ገና ሲቋቋም ስለ መፍረስ መነጋገር ለብዙዎቹ ደስ የማይል ነበር። ይሁን እንጂ መሥራቾቹ ሲያልፉ ሣጥኑ ለማን እንደሚደርስ ያልወሰነ ማኅበር የሰውን አደራ የመቀበል መብት የለውም። በእኛ ደንብ በስጦታ የተገኘው በሙሉ ለብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት (ወመዘክር) ወይም በስድስት ኪሎ ላለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም እንዲሰጥ፣ በአደራ የተቀመጠው ለባለቤቱ ወይም ለወራሾቹ እንዲመለስ፣ ለአባላት በምንም መልኩ እንዳይከፋፈል ተጽፏል።

ሌሎች የታሪክ ማኅበራት ሁሉ ቢወስዱት የምመኘው አንድ አንቀጽ አለ፤ ጠቅላላ ጉባኤው ስለ ታሪክ እውነት ድምፅ አይሰጥም የሚለው። የሀገር ፍቅር ቴአትር በ1927 ዓ.ም. እንደ ማኅበር መመሥረቱ የሚያከራክር አይደለም። ነገር ግን አንድን መኖሪያ ቤት ማን አሠራው የሚለው ጥያቄ ሁለት ቤተሰቦችን ሊያጣላ ይችላል፤ አንዱ በአባቱ ቃል፣ ሌላው በእጁ ባለው ውል ይከራከራል። እንዲህ ያለው ጉዳይ በእጅ ብልጫ ቢወሰን ብዙ ዘመድ ያስመዘገበው ወገን ያሸንፋል። በእኛ ደንብ የጥናት ኮሚቴው ሁለቱንም ቃል ከነማስረጃው መዝግቦ ያስቀምጣል፣ ሲያሳትምም ሁለቱን ጎን ለጎን ያሳትማል፤ ጉባኤው የሚወስነው በገንዘብ፣ በምርጫና በአሠራር ላይ ብቻ ነው። አንቀጹ ከጸደቀ በኋላ ስብሰባዎቻችን አጥረዋል፣ የሚመጣልን ማስረጃም በዝቷል፤ ቃሉ በብልጫ እንደማይሻር ያወቀ ሰው ወረቀቱን ይዞ ለመምጣት አያመነታምና።

ስለ ቀሪው በአጭሩ ልናገር። ምልዓተ ጉባኤው ከግማሽ በላይ ሲሆን፣ ካልሞላ በሁለተኛው ጥሪ በተገኙት አባላት ይካሄዳል፤ ደንብ ለማሻሻልና ንብረት ለማስተላለፍ ግን ይህ አይሠራም፣ የጠቅላላው አባል ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ግዴታ ነው። የሥራ አስፈጻሚው አባላት ሁሉም በአንድ ጊዜ አይለወጡም፣ ማንም ከሁለት ተከታታይ ዘመን በላይ አያገለግልም። መዋጮው ዝቅተኛ ነው፤ ቃላቸውን ለሚሰጡን አረጋውያን ከነአካቴው ቀርቷል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጁ የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ስለሚያዝ፣ ገንዘብ ያዡ ይህን ስሌት በየሩብ ዓመቱ እንዲያቀርብ አድርገናል።

ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ የማሻሻያ ሐሳብ አቅርበናል። ወደ ከተማዋ ዳርቻ የሄዱት አባላት ለስብሰባ ፒያሳ ድረስ መምጣት ስለሚቸግራቸው፣ ከአራቱ የዓመቱ ስብሰባዎች ቢያንስ ሁለቱ እነርሱ በብዛት በሚኖሩበት ቦታ እንዲደረጉና ለምርጫ ብቻ በጽሑፍ ውክልና መስጠት እንዲፈቀድ ይጠይቃል። በውክልናው ላይ አንድ ሰው ከአንድ በላይ አባል እንዳይወክል ገደብ አስቀምጠናል፤ የስብሰባው ቦታ ግን ያለ ገደብ እንዲጸድቅ እከራከራለሁ።