ከመቶ በላይ የሆነ የክትባት ሽፋን

ዛሬ በአንድ የገጠር ጤና ኬላ የክትባት መዝገቡን ከወርሃዊ ሪፖርቱ ጋር ስናመሳክር ዋልን። በሪፖርቱ መሠረት የቀበሌው የሦስተኛ ዙር ፔንታ (አምስት በሽታዎችን በአንድነት የሚከላከል የሕፃናት ክትባት) ሽፋን ከመቶ በመቶ በላይ ነው። የተከተቡት ሕፃናት በመዝገቡ ላይ በትክክል ሰፍረዋል፤ ችግሩ ያለው አካፋዩ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ይከተባሉ ተብለው የሚጠበቁት ሕፃናት ቁጥር የሚገመተው በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ላይ ተመሥርቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በአገር አቀፍ ደረጃ ቤት ለቤት በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግን፣ ከ12 እስከ 23 ወር ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት መሠረታዊ ክትባቶችን በሙሉ ያገኙት 39 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ሁላችንም እናውቃለን።

ስለዚህ ሽፋኑን ትተን፣ በስድስተኛው ሳምንት የመጀመሪያውን ፔንታ ከወሰዱት ሕፃናት መካከል በአሥራ አራተኛው ሳምንት ለሦስተኛው ያልተመለሱትን ከዚያው መዝገብ ለይተን ቆጠርን። ይህ ስሌት የሕዝብ ግምት አያስፈልገውም፤ በእኔ እምነት ለቀበሌ ደረጃ ከዚህ የሚሻል መለኪያ የለም። ያቋረጡት ከ10 በመቶ በላይ ሆነው ተገኙ።

ስማቸውን ስናነብ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ወዲያው፣ «እነዚህ እኮ አብዛኞቹ ከወንዙ ማዶ ናቸው፤ ውኃው ሲሞላ እናቶቻቸው መሻገር አይችሉም» አለችን። ለዓመታት ሪፖርት ስቀበል፣ ይህን የሚያስረዳ አንድም ዓምድ በቅጹ ላይ አላየሁም፤ ከልብ አሳዘነኝ። ከመመለሳችን በፊት የልጆቹን ዝርዝር ይዘን፣ ክረምቱ ሳይገባ ከወንዙ ማዶ የክትባት ቀን እንዲኖር ከእርሷ ጋር ቀጠሮ ያዝን።