በሐይቅ ዳር የሸሸግኋት ሣጥን

ካርታ ማንበብን ለተማሪዎች ማስተማር ከጀመርሁ ብዙ ዓመት ቢያልፈኝም፣ እኔ ራሴ በጻፍሁት መመሪያ ብቻ ሌላ ሰው ከታሰበው ቦታ ይደርስ እንደሆነ የፈተንሁት ገና በ2015 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ኅዳር ወር፣ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው በሐይቅ ዳርቻ አንዲት ትንሽ ሣጥን ሸሸግሁ፤ ቦታውን የሚያመለክተውንም ፍንጭ በየካቲት ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ ሰጠሁት። ባልደረባዬ ሙሉ ቅዳሜውን ሲፈልግ ውሎ ባዶ እጁን ወደ ደሴ ተመለሰ። ከዚያን ቀን ወዲህ የሣጥኗን ቦታ አንድ ጊዜ ቀይሬያለሁ፤ ፍንጩን ግን አራት ጊዜ እንደ አዲስ ጽፌዋለሁ። ይህን የማካፍለው በወሎም ሆነ በሌላ አካባቢ ይህንኑ ለመሞከር የሚያስብ ሰው፣ እኔ የደከምሁበትን እንዳይደክምበት ብዬ ነው።

ይህ የእግር ጉዞ ጨዋታ ሌተርቦክሲንግ ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ የደብዳቤ ሣጥን ፍለጋ ብንለው ያስኬዳል። አንድ ሰው በእጅ የተቀረጸ ማኅተምና አንድ ደብተር ውኃ በማያስገባ ሣጥን ከትቶ፣ በእግር በሚደረስበት የገጠር ቦታ ይሸሽጋል፤ ከዚያም ወደ ሣጥኑ የሚያደርስ ፍንጭ ይጽፋል። ፈላጊው የራሱን ማኅተምና የራሱን ደብተር ይዞ ይወጣል። ሣጥኑን ሲያገኝ የሣጥኑን ማኅተም በራሱ ደብተር፣ የራሱን ማኅተም ደግሞ በሣጥኑ ደብተር ላይ ያትማል፤ ቀኑን ጽፎ ሁሉንም እንደነበረ መልሶ ይሄዳል። ሽልማት የለውም፤ ከሣጥኑ የሚወሰድ ነገርም የለም።

ጨዋታው የተጀመረው በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በዴቨን አውራጃ፣ ዳርትሙር በሚባል ረግረጋማና ድንጋያማ ደጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1854 ጄምስ ፔሮት የተባለ መንገድ መሪ፣ ክራንሚር ፑል በተባለ ከመንገድ የራቀ ቦታ ላይ ጠርሙስ አስቀመጠ፤ እዚያ ድረስ የዘለቁ እግረኞችም የስም ካርዳቸውን ይተዉበት ጀመር። ውሎ አድሮ ጎብኚዎች አድራሻ የተጻፈበት ደብዳቤና ፖስትካርድ ያስቀምጡ ነበር፤ ቀጥሎ የመጣው ሰው ይዞት ወርዶ ፖስታ ቤት ያስገባላቸዋል። ስሙም የመጣው ከዚሁ ነው፤ ማኅተሙ የኋላ ጭማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመረውና በሳተላይት አቅጣጫ ጠቋሚ የሚመራው ጂኦካሺንግ የዚህ ታናሽ ወንድም ነው ማለት ይቻላል። እኔ ታላቁን የመረጥሁት ፍንጩ በቁጥር ሳይሆን በቃል ስለሚጻፍ፣ ቃሉን ለመጻፍም ቦታውን አጥብቆ ማየት ስለሚጠይቅ ነው።

በመጀመሪያ ካነበብኋቸው ፍንጮች መካከል ልቤን የያዘው፣ ከአንድ የባሕር ዳርቻ የመብራት ማማ በር የሚነሣ ነበር። የመብራት ማማ ከሩቅ እንዲታይ ተብሎ የሚሠራ ነው፤ መርከበኞች አንዱን ከሌላው እንዳያምታቱም ቀን በቀለሙና በቅርጹ፣ ሌሊት ደግሞ ብርሃኑ ብልጭ በሚልበት የጊዜ ልክ ይለያል። አንዳንድ ወደቦች ላይ ሁለት መብራቶች፣ አንዱ ዝቅ ሌላው ከፍ ብለው ይተከላሉ፤ መርከበኛው ሁለቱ አንዱ በሌላው አናት ላይ ተሰልፈው ሲያይ በትክክለኛው መተላለፊያ ላይ መሆኑን ያውቃል። ይህን ሳነብ ደስ ብሎኝ አለፍሁት፤ ለእኔ ሥራ ምን ያህል እንደሚያስፈልገኝ የገባኝ ግን ዘግይቶ ነው።

አስቀድሜ የማኅተሙን ነገር ልናገር፤ ከሥራው ሁሉ የወደድሁት እርሱን ነውና። የቀረጽሁት ከትልቅ ነጭ የተማሪ ላጲስ ሲሆን፣ መሣሪያዬ ምላጭና የመርፌ ጫፍ ነበር። የመጀመሪያው ከሸፈ። ‹ሐይቅ› የሚለውን ቃል እንደማነበው አድርጌ ስለቀረጽሁት ወረቀት ላይ ሲያርፍ ተገልብጦ ወጣ፤ ‹ሐ› ከግራም ከቀኝም ያው ስለሆነ አልተበላሸም፤ ‹ይ› እና ‹ቅ› ግን የየትኛውም አገር ፊደል የማይመስሉ ሆኑ። በኋላ ያገኘሁት ዘዴ ቀላል ነው፤ ቃሉን በስስ ወረቀት ላይ በእርሳስ አድምቆ መጻፍ፣ ወረቀቱን በላጲሱ ገጽ ላይ ደፍቶ ጀርባውን በጥፍር ደጋግሞ ማሸት። የእርሳሱ ጥቁረት ተገልብጦ ላጲሱ ላይ ይቀራል፤ ከዚያ የሚቀረው ያልጠቆረውን ክፍል እየፈለቀቁ ማንሣት ብቻ ነው። ምላጩ ከፊደሉ ጠርዝ ወደ ውጭ ዘመም ብሎ መግባት አለበት። ወደ ውስጥ ከገባ የፊደሉ እግር ከሥሩ ይሳሳና ማኅተሙ ሲጫን ይታጠፋል፤ የ‹ይ› እግር ሁለት ጊዜ የተቆረጠብኝ በዚህ ምክንያት ነው።

ቅርጹንም መጀመሪያ ክብ አድርጌው ነበር። በሐምራዊ ቀለም ሳትመው ግን ፍጹም የመሥሪያ ቤት ማኅተም መሰለ። በአገራችን ክብ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ምን ያህል ክብደት እንዳለው እያወቅሁ፣ እንዲህ ያለ ነገር በገደል ሥር ደብቆ መሄድ ተገቢ ሆኖ አላገኘሁትም። ስለዚህ በቆሮሶ ዓሣ ቅርጽ ለወጥሁት፤ ቃሉም በዓሣው ሆድ ላይ ገባ።

የመጀመሪያው ፍንጭ እንዲህ ይል ነበር፦ ‹ከሦስቱ ባሕር ዛፎች ተነሥተህ ወደ ሐይቁ 200 እርምጃ ውረድ፤ ከውኃው ጠርዝ 15 እርምጃ ሲቀርህ ወደ ግራ ታጠፍና እርከኑን ተመልከት።› ሲጻፍ ጥርት ያለ ይመስላል፤ ነገር ግን በውስጡ አንድም ጸንቶ የሚቆም ነገር አልነበረም። ባሕር ዛፍ በእኛ ገጠር ለቤት ሥራና ለገንዘብ የሚተከል፣ በደረሰም ጊዜ የሚቆረጥ ዛፍ ነው፤ ባልደረባዬ በየካቲት ሲደርስ ከሦስቱ ያገኘው ጉቶአቸውን ነበር። ጉቶውን መነሻ አድርጎ ቢወርድም፣ የእርሱ እርምጃ ከእኔው ይረዝማል፤ በአንድ እርምጃ የ10 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ብቻ ቢኖር፣ በ200 እርምጃ 20 ሜትር ይሆናል። የውኃው ጠርዝ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነበር። ሐይቁ በገጽ የሚወጣ ወንዝ ስለሌለው በክረምት ዝናብና በገባሮቹ ይሞላል፣ በበጋ ፀሐይ ይጎድላል፤ በኅዳር ያየሁት ጠርዝ በየካቲት ርቆ ሄዷል። ይህን መገመት ነበረብኝ። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ጥንት በውኃ በተከበበ ደሴት ላይ ነበር፤ ዛሬ ግን ከየብስ ጋር ተያይዞ በእግር ይገባበታል። የሐይቁ ዳርቻ እንደማይጸና የሚመሰክር ቦታ ፊት ለፊቴ ቆሞ ሳለ፣ እኔ ዳርቻውን መለኪያ አደረግሁት።

ፍንጩን ለማረም ስመለስ ሣጥኗ በቦታዋ የለችም። እርከኑ ሥር ተቀምጬ በማስብበት ሰዓት ዕድሜው 12 ዓመት ገደማ የሚሆን ከብት ጠባቂ ልጅ ቀረበኝና ‹ጋሼ፣ የሚፈልጉት ያችን ሣጥን ነው?› ሲል ጠየቀኝ። ቤት ወስዶ ከዝናብ እንዳስቀመጣት ነገረኝ። እንዴት እንዳገኛት ስጠይቀው የሰጠኝን መልስ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፦ ‹ድንጋዩ ሽበቱን ወደ ውስጥ አዙሮ ተቀምጦ አየሁት፤ ድንጋይ ደግሞ ራሱን አያዞርም።› የድንጋይ ሽበት የምንለው ያ አመድማ ሽፋን ፀሐይና አየር በሚያገኘው የድንጋዩ ፊት ላይ እንጂ አፈር ውስጥ በተቀበረው ወገን ላይ አይበቅልም። እኔ ቀዳዳውን ስደፍን ሽበታሙን ፊት ወደ ውስጥ፣ አፈር የነካውን ቡናማ ፊት ወደ ውጭ አድርጌ ነበር። ለልጁ ዓይን ይህ በሩ ተከፍቶ እንደተተወ ቤት ነው።

ልጁ ወደ አያቱ ወሰደኝ። እርሳቸውም ሣጥኗን በጨርቅ ጠቅልለው አውጥተው ከሰጡኝ በኋላ፣ በቁጣ ሳይሆን በትዕግሥት ሁለት ነገር አስረዱኝ። አንደኛው የእርከኑ ነው። ‹ልጄ፣ ይህ ካብ አገር ተሰብስቦ የሠራው ነው፤ አንድ ድንጋይ ሲነሣ ጎርፍ በዚያች ቀዳዳ ይገባና ክረምት ሳያልፍ ካቡን ይንደዋል› አሉኝ፤ ከማሳ ወሰን ላይ የተቀመጠ ድንጋይ መንካትማ ጭራሽ የጎረቤት ጠብ እንደሚያስነሣ ጨመሩልኝ። ሁለተኛው የከበደኝ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በዚህ አካባቢ ካለፈ ወዲህ ለልጆች ሁሉ የሚነገራቸው ያልታወቀ ዕቃ እንዳይነኩ ነው። ልጁ ሣጥኗን ይዞ ሲመጣ እናቱ ከቤት አስወጥታው፣ አያትየው ክዳኑ ግልጽ ፕላስቲክ መሆኑንና ውስጡ ደብተር መኖሩን እስኪያዩ ድረስ ሁሉም በድንጋጤ ቆመው እንደነበር ነገሩኝ። እጃቸውን ስሜ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። የእኔ መዝናኛ አንድ ቤተሰብ ላይ ያን ያህል ድንጋጤ ማምጣቱ ዛሬም ይሰማኛል።

ስለዚህ አሁን የምሠራው በዚህ አኳኋን ነው። ሣጥን ከመደበቄ በፊት የቦታውን ባለቤትና የአካባቢውን ሽማግሌዎች አስፈቅዳለሁ፤ ቦታውንም እነርሱ ያውቁታል። ብረትና ቆርቆሮ ትቼ በየትኛውም በኩል ውስጡ የሚታይ ፕላስቲክ እጠቀማለሁ፤ ክዳኑ ላይም ምን እንደሆነና ስልኬን በጉልህ እጽፋለሁ። ከገዳም፣ ከመስጊድና ከመቃብር ክልል እርቃለሁ። ወደ ገዳሙ ቅጥር ሴቶች ስለማይገቡና እኅቴም ፍለጋውን እንድትሞክር ስለምፈልግ፣ የመንገዱን መነሻም መድረሻም ከዚያ ውጭ አድርጌዋለሁ። ሣጥኑ ምግብ ያልነካው መሆን አለበት፤ የዘይት ሽታ የቀረበትን አንዱን አይጥ ጠርዙን በልታብኛለች። ደብተሩን በሁለት ፌስታል መጠቅለልና ከቀለም እስክሪብቶ ይልቅ እርሳስ ማስቀመጥ ክረምቱን ያሻግራል።

አዲሱን ቦታ የመረጡልኝ አያትየው ናቸው፤ ከማሳም ከእርከንም የራቀ የተፈጥሮ ቋጥኝ ነው። የመብራት ማማዎቹን ነገር ያስታወስሁት እዚያ ቆሜ ሐይቁን ስመለከት ነበር። ከፊት ለፊቴ በደን የተሸፈነው የገዳሙ ምድር ወደ ውኃው ሾልኮ የገባበት ጫፍ ይታያል፤ ከእርሱ ባሻገር የተራራው ሰንሰለት ዝቅ ብሎ ኮርቻ ይሠራል። ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስንቀሳቀስ ጫፉ ከኮርቻው ሥር ይሸሻል፤ ሁለቱ የሚሰለፉበት መስመር አንድ ብቻ ነው። እርምጃ መቁጠር አያስፈልግም፤ ፈላጊው አጭር ይሁን ረጅም፣ ውኃው ይሙላ ይጉደል፣ ሁለቱ ሲገጥሙለት ያ ቦታ ያው ቦታ ነው።

መነሻው ደግሞ የመንደሩ ዋርካ ሆነ፤ ሽማግሌ የሚቀመጥበትን ዋርካ የሚቆርጥ የለምና። የቅኔ ጉባኤ ደጅ የረገጠ ሰው እንደሚያውቀው ሰሙ ካልታየ ወርቁ አይገኝም፤ እኔም ፍንጩን ስጽፍ ሰሙን ማንም ቆሞ የሚያየው ነገር ለማድረግ ሞከርሁ። ‹አንደበት ሳይኖረው ጠብ ሲያበርድ የኖረውን አዛውንት ፈልግ› ብዬ ጀመርሁ። እኅቴ ወዲያው ዋርካው መሆኑን ዐወቀች፤ ሌላ ወዳጄ ግን መናገር የተሳናቸው ሽማግሌ በመንደሩ እንዳሉ ሲጠይቅ ዋለ። ስለዚህ ‹ጥላው ለሁሉ የሚበቃውን› የሚል ጨመርሁበት። አሁን ያለው ፍንጭ አምስተኛው ሲሆን ሙሉው ይህ ነው፦ ‹አንደበት ሳይኖረው ጠብ ሲያበርድ የኖረውን፣ ጥላው ለሁሉ የሚበቃውን አዛውንት ፈልግ። ከእግሩ ተነሥተህ ሐይቁን በቀኝህ አድርገህ ሂድ። የደኑ አፍንጫ በተራራው ኮርቻ ላይ ሲቀመጥ ቁም። ጀርባህን ለውኃው ስጥ፤ ሽበት የሌለበትን ሳይሆን ያለበትን ድንጋይ አንሣ።› ባልደረባዬም በዚህ ተመርቶ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ አገኛት።

ባለፈው ጥር ሣጥኗን ለማየት ወርጄ ደብተሩን ስገልጥ፣ ከእኅቴና ከባልደረባዬ ማኅተም በታች የማላውቀው አንድ ኅትመት አየሁ። በከሰልና በዘይት የታተመ የበሬ ቀንድ ነው፤ ከሥሩም የልጁ ስም የመጀመሪያ ፊደል አለ። ኋላ ስጠይቀው ከድንች ቆርጦ እንደሠራው ነገረኝ። ፊደሉ አልተገለበጠም፤ ዘዴውን እኔ አላስተማርሁትም ነበር። ደብተሩን በፌስታሉ መልሼ ጠቀለልሁና ድንጋዩን ሽበቱን ወደ ውጭ አድርጌ ገጠምሁት።