ድራማችንን ወደ ፊልም ስናሻግር

አራት ዓይን አፋር ተማሪዎች የሚተራመሱበትን አስቂኝ ተከታታይ ድራማ ለአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ጽፌ፣ ተመልካች ስለወደደው ወደ ፊልም ላሻግረው ተነሣሁ። ጽሑፉ በሰላም አለቀ፣ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ተገኘ፣ ተዋናዮቹም እሺ አሉ። ያንገበገበኝ ፈቃዱ ነው፤ ቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረም ይህን እጽፋለሁ።

በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት፣ በውል ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ በቅጥር ወይም በትእዛዝ የተሠራ ሥራ የመጀመሪያ ባለቤት አሠሪው ነው። ለልጆቹ ስም ያወጣሁላቸው እኔ ብሆንም በሕግ የጣቢያው ናቸው ማለት ነው። ፈቃድ ስጠይቅ የሕግ ክፍሉ ኃላፊ «ምን ችግር አለው፣ የእርስዎው ልጆች አይደሉ?» አሉኝ። ደብዳቤው ሲመጣ የፈቀደው ግን ርእሱን ብቻ ነበር። ስለ ገጸ ባሕርያቱ አንድም ቃል የለም።

«ርእሱ ከተፈቀደ ልጆቹም መፈቀዳቸው ግልጽ ነው» አሉ ኃላፊው። ግልጽ ከሆነ ለምን አይጻፍም? «ኮሚቴው ሲሰበሰብ ይታያል።» ኮሚቴው ግን አንድ ጊዜ ሰብሳቢው መስክ ወጥተው፣ ሌላ ጊዜ በጀት ሊዘጋ ሆኖ ሳይሰበሰብ ሰነበተ። ገንዘብ አውጪያችን ደግሞ የአራቱ ልጆች ስም ባልሰፈረበት ወረቀት አንዲት ብር አላወጣም አለ። እውነቱን ነው።

የትምህርት ቤቱን ግቢ ለቀረጻ ያሰብነው ተማሪ በማይኖርበት በሐምሌና በነሐሴ ነበር። የተስተካከለው ደብዳቤ እጄ ሲገባ መስከረም ጠብቶ ግቢው በተማሪ ተሞልቷል። ከሁሉ የባሰው የትንሹ ተዋናያችን ነገር ነው። ቀጭን ድምፁ ሰው በተሰበሰበበት እየከዳው ሲያሳፍረው ነበር ተመልካች በፍቅር የሚስቅለት። በዚያ ክረምት ድምፁ ጎረነነ፣ ከከንፈሩ በላይም ጢም አቀነቀነ። በእርሱ ድምፅ ላይ የቆሙትን ትዕይንቶች ከጽሑፉ አወጣኋቸው። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ስለዚህ «ለልጅ ሚና ልጅ ፈልጉ» የሚለውን ምክር አልቀበልም። ስለ አራት ተማሪ ጓደኛሞች የሚያወራው የእንግሊዞቹ አስቂኝ ድራማ «ዘ ኢንቢትዊነርስ» እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2010 በ18 ክፍል ተላልፎ በ2011 ፊልም ሲሆን፣ አራቱም ዋና ተዋናዮች ሃያን የዘለሉ ነበሩ። ፊታቸው ከዓመት ዓመት ብዙም ስለማይለወጥ መጠበቅ ይቻላል።

እነርሱ ልጆቹን ለእረፍት ወደ ግሪክ ስለላኩ እኛንም «ሐዋሳ ውሰዷቸው» ያለን ብዙ ነው። እምቢ አልኩ። ሐይቅ ብቻውን ታሪክ አይሆንም። በቴሌቪዥን ልጁ ዛሬ ተዋርዶ በሳምንቱ እንደ አዲስ ይጀምራል፤ በፊልም ግን አንዱ ውርደት እስከ መጨረሻው ሊከተለው ይገባል። እኛ የ12ኛ ክፍል ውጤት የሚወጣበትን ሳምንት መረጥን። ከአራቱ አንዱ ብቻ ያልፋል፤ ለጓደኞቹ ግን ወድቄያለሁ ይላቸዋል። በዚያ ትዕይንት እኮራለሁ።

አሁን ለሌላ ጣቢያ እየጻፍኩ ነው። ውሉ የእያንዳንዱን ገጸ ባሕርይ ስም ዘርዝሮ የፊልም መብቱ የእኔ መሆኑን ይናገራል። ይህን ሁሉ ዝርዝር ምን አመጣው ብለው ነበር፤ ፈርመው ማኅተም እስኪያደርጉ ድረስ የመጀመሪያውን ክፍል አልሰጠኋቸውም።