5760 የሚለው ቁጥር ጉድ ሠራኝ

የሴት አያቴን ፎቶ በኤ4 አትሜ ለአክስቴ ወሰድኩላት። አየት አደረገችውና፣ «አንተ፣ እማዬን ጉም ውስጥ አቁማችሁ ነው እንዴ ያነሳችኋት?» አለችኝ። አፈርኩ።

ፕሪንተሬ ባለ ስድስት ቀለሙ ኤፕሰን ኤል805 ነው። ጥራቱ 5760 በ1440 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ ያሉ ነጥቦች) ይባላል። እኔም የፎቶው ፋይል 5760 ካልሆነ ብዬ ድርቅ አልኩ። ፎቶ ማስተካከያው ላይ ቁጥሩን ሞላሁት። ኮምፒውተሬ ቀጥ አለ። በኋላ ሳሰላው፣ ለአንድ ኤ4 ገጽ ከ3 ቢሊዮን በላይ ፒክስል (ፎቶው ፋይል ውስጥ የሚሠራባቸው ትንንሽ ነጥቦች) ነበር የጠየቅኩት። ትቼው ፋይሉን እንደመጣ አተምኩት። ጉሙ የመጣው ያኔ ነው።

ነገሩ የገባኝ ህትመቱን በማጉያ መነጽር ሳየው ነው። የአያቴ ጉንጭ ላይ ቡናማ ቀለም የሚባል የለም። ቢጫ፣ ሮዝ፣ ሰማያዊና ጥቁር ጠብታዎች ተበታትነው ነው ያሉት። ቡናማ የሚያደርጋቸው ዓይናችን ነው። ፕሪንተሩ ያለው ስድስት ቀለም ብቻ ስለሆነ፣ አንድ የቆዳ ቀለም ለማስመሰል ብዙ ጠብታ ይረጫል። 5760 በ1440 ማለት እንግዲህ ጠብታዎቹ የሚያርፉበት ቦታ ብዛት ነው እንጂ የፎቶው ፒክስል አይደለም። ፎቶው በኢንች 300 ፒክስል ቢኖረው፣ አንዷ ፒክስል 92 ያህል የጠብታ ቦታ ይደርሳታል።

ታዲያ ጉሙ ከየት መጣ? ፎቶው በቻት ሲላክልኝ አንሶ ነበር፤ ቁመቱ 1280 ፒክስል ብቻ። የኤ4 ቁመት 11.7 ኢንች ነው። ሲካፈል በኢንች 109 ፒክስል ገደማ። በ10 በ15 ሳንቲ ባትመው ኖሮ 217 ይሆን ነበር፤ አክስቴም ዝም ትለኝ ነበር።

የአጎቴ ልጅ ዋናውን «እንደ ፋይል» እንዲልክልኝ ለመንኩት። 4000 ፒክስል ሆኖ መጣ። በኢንች በ150፣ በ300 እና በ600 ፒክስል አተምኩት። 150ው የነጠላዋ ጥበብ ላይ ያስታውቃል። 300ውንና 600ውን ግን እኔ ራሴ መለየት አቃተኝ። ፋይሉ የሌለውን ዝርዝር ከየት ያመጣል?

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ለውጥ ያመጣው ወረቀቱ ነው። ግሎሲ (የሚያብረቀርቅ የፎቶ ወረቀት) አስገብቼ የፕሪንተሩን የወረቀት ምርጫ ግን «ተራ ወረቀት» ላይ ትቼው ነበር! ያንን ሳስተካክል ፊቷ በራ።

አክስቴ መነጽሯን አድርጋ ጥበቡን ስታይ ቆየች። ከዚያ፣ «ሁለት ጨምርልኝ» አለች።