«ለምን» ማለት ካቆምኩ ሦስት ወር

ጅማ ውስጥ በቡና ጥራት ክትትል ሥራ ላይ ነኝ። ቡድናችን አምስት ሰው ነው፦ እኔና የመጋዘን ኃላፊያችን እዚህ፣ አንዲት ሆላንዳዊት ሮተርዳም፣ አንድ ጃፓናዊ ቶኪዮ፣ አንድ ሕንዳዊ የምግብ ኬሚስት ቤንጋሉሩ። በየሳምንቱ ሐሙስ በኮምፒውተር እንገናኛለን። ችግር ሲገጥመን አብረን የምንፈታበትን መንገድ ለማሻሻል ስል ከኅዳር ጀምሮ ማስታወሻ እየያዝኩ ነው። ከባሕር ማዶ ሰዎች ጋር ለምትሠሩ ይጠቅም ይሆናል ብዬ እስካሁን የደረስኩበትን አካፍላችኋለሁ።

ኅዳር

ሁሉ ነገር የተጀመረው በእርጥበት ነው። በፀሐይ የደረቀው ጀንፈል (ከነገለባው ያለ ቡና) ተፈልፍሎ ሲለካ የእኛ መለኪያ 11.2 በመቶ አለ። ከዚያው ክምችት የተላከው ናሙና ቤተ ሙከራ ውስጥ በ105 ዲግሪ ምድጃ ለ16 ሰዓት ቆይቶ ሲመዘን ግን 12.6 ሆኖ ተገኘ። ወደ ውጭ የሚላክ ቡና ከ11.5 እንዳይበልጥ ይጠበቃል። ልዩነቱ ለማያውቀው ሰው ትንሽ ይመስላል፤ እርጥበት ያዘለ ቡና ግን ለሳምንታት በመርከብ ሲጓዝ ለሻጋታ ይጋለጣል።

ስብሰባውን ጃፓናዊው ባልደረባችን መራው። የተጠቀመበት ዘዴ «አምስት ጊዜ ለምን» የሚባለው፣ የችግሩ ሥር እስኪገኝ «ለምን» እየተባለ የሚጠየቅበት ነው፤ በቶዮታ ፋብሪካዎች ያደገ፣ የቶዮታው መሐንዲስ ታይቺ ኦኖ ያስፋፋው። የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2011 ከተቋቋመ ወዲህ በእኛም አገር ብዙ ሠራተኛ በሥልጠና ያውቀዋል። እኔም በጣም የምወደው ዘዴ ነው።

እሱ በትሕትና ጠየቀ፤ እኔ ተረጎምኩ። «ልዩነቱ ለምን ተፈጠረ?» የመጋዘን ኃላፊያችን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው፣ «እኔ እንጃ» አሉ። «ናሙናው ለምን ከዚያ ቦታ ተወሰደ?» ዝም። «ለምን ሁለት ጊዜ አልተለካም?» ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ፤ ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልተናገሩም። ስብሰባው ሲያበቃ በር ላይ ጠብቀው «ልጄ፣ ከሥራ ሊያስወጡኝ ነው?» አሉኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። «ለምን አመሸህ?» የሚል አባት ማብራሪያ አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው ይቅርታ ነው። እኛ «ለምን» ሲባል የምንሰማው ከዚያ ቤት ይዘነው በወጣነው ጆሮ ነው። ጃፓናዊው የጠየቀው ስለ አሠራር ነበር፤ ጋሼ ጆሮ የደረሰው ግን የጥፋተኛ ፍለጋ ነው። በመካከል ሆኜ ቃሉን ያሻገርኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ታኅሣሥ

«ለምን»ን ለጊዜው አስቀመጥኩትና በሁለት አጫጭር ጥያቄዎች ተካሁት፦ «ምን አዩ?» እና «ከዚያስ?»። ጃፓናዊው ቅር ይለዋል ብዬ ሠግቼ ነበር። እንዲያውም ደስ አለው፤ ኦኖ ራሱ ሰውን ከቢሮ አስወጥቶ ሥራው ከሚሠራበት ቦታ ቆሞ እንዲመለከት ያደርግ እንደነበር ነገረኝ። ስለዚህ በሚቀጥለው ሐሙስ ስብሰባውን ከቢሮ አውጥቼ ስልኬን እንደያዝኩ ወደ ማድረቂያ አልጋዎቹ ወረድኩ።

ቡናውን ከሚያገላብጡት ሴቶች አንዷን፣ በዕድሜ ጠና ያሉትን፣ «እትዬ፣ ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ምን ምን አዩ?» አልኳቸው። መልስ ከመስጠታቸው በፊት ሦስተኛው አልጋ መጨረሻ ድረስ ሄዱ። እጃቸውን እስከ አንጓቸው ጀንፈሉ ውስጥ ሰደዱና ከሥር አንድ እፍኝ አውጥተው መዳፌ ላይ አደረጉት። ላይኛው ሲነኩት ይንኮሻኮሻል፤ ይህ ግን ቀዝቀዝ ብሎ ጣት ላይ ይለጠፋል። «ጂዻ» አሉ በኦሮምኛ፤ እርጥብ ነው ማለታቸው ነው። ከዚያ ቀና ብለው ዋንዛውን አሳዩኝ። ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ጥላው የአልጋውን ግማሽ ይሸፍናል። ናሙና የሚወሰደው ደግሞ ሁልጊዜ ለመንገዱ ከሚቀርበው፣ ፀሐይ ከማይለየው ጫፍ፣ ያውም ከላይ ከላይ ነበር።

«ይህን እስከዛሬ ለማንም አልነገሩም?» አልኳቸው።

«ማን ጠየቀኝ?» አሉ።

ሮተርዳም ያለችው ባልደረባችን ይህን ስተረጉምላት ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። በዚያው ቀን ለየብቻ ለካን፤ የመንገዱ ጫፍ 11.1፣ የጥላው ሥር 13 ወጣ። አሁን ናሙና ከየአልጋው አምስት ቦታ፣ ከላይም ከሥርም እየተወሰደ ይቀላቀላል፤ ሦስተኛው አልጋም ከጥላው ርቋል። ኬሚስቱ የአወሳሰዱን ቅደም ተከተል በሥዕል አዘጋጅቶ ላከልንና መጋዘኑ ግድግዳ ላይ ለጠፍነው። በጥር በተላኩት ናሙናዎች የእኛና የቤተ ሙከራው ልዩነት ከ0.3 አላለፈም።

ጥር

በዚህ ወር የሠራሁት በ«እሺ» ላይ ነው። እኛ «እሺ» ስንል ብዙ ጊዜ «ሰምቻለሁ» ማለታችን ነው፤ መስማማታችን ላይሆን ይችላል። ጃፓናዊውም የእነሱ «ሃይ» እንደዚሁ መሆኑን ነገረኝ። ሆላንዳዊቷ ግን ሁለቱንም እንደ ቁርጥ ቃል ስትመዘግብ ኖራለች። ጋሼ አየር ወደ ውስጥ ስበው «አዎ» ሲሉም ደንግጠው ይመስላት ነበር። አሁን ስብሰባ ከመዘጋቱ በፊት እያንዳንዱ ሰው የሚሠራውን ሥራና የሚያደርስበትን ቀን በራሱ አፍ ይናገራል። ይሉኝታ ያለበትም ሰው በዚህ ጊዜ «ሐሙስ አይደርስም» ለማለት ቦታ ያገኛል።

የሰዓቱ ጉዳይ በቀላሉ ተፈታ፤ ጠዋት 4 ሰዓት እንሰበሰባለን። በክረምታቸው ሮተርዳም ሲነጋ በእነሱ አቆጣጠር 8 ሰዓት ነው፣ ቶኪዮ ደግሞ ከቀትር በኋላ 4። የእኛ አቆጣጠርና የቶኪዮ ቁጥር መግጠሙ ጃፓናዊውን እስካሁን ያስደንቀዋል።

የሆላንዳዊውን የባህል ተመራማሪ የሆፍስቴድን ጥናትም አነበብኩ። እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1973 ከአይ ቢ ኤም ሠራተኞች በተሰበሰበ መጠይቅ ላይ ተመሥርቶ አገሮችን በሥልጣን ርቀት የሚያነጻጽር ነው። ሰው በአለቃው ፊት የሚቆጠብበትን ሁኔታ ስም ስለሰጠልኝ ጠቅሞኛል። ነገር ግን ለአገር የተሰጠ ነጥብ ስለ አንድ ሰው አይነግርም ባይ ነኝ። በግልጽ ተናጋሪነቷ የምናውቃት ሆላንዳዊት፣ የበጀት ነገር ሲነሳ ከሁላችንም ይልቅ ዝም የምትለው እሷ ናት።

የካቲት

አሁን የምሞክረው የጽሑፍ ዘዴ ነው። በርንድ ሮርባክ የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ያወጣው ነው፤ ስድስት ሰዎች በአምስት ደቂቃ ሦስት ሦስት ሐሳብ ጽፈው ወረቀቱን ወደ ጎናቸው ያሳልፋሉ። እኛ አምስት ነን፣ ስለዚህ ስድስተኛዋ እትዬ እንዲሆኑ ጠየቅኩ። ወረቀቱ ላይ ስም አይጻፍም፤ ጋሼ «ወፍ ነገረችኝ ማለት ነዋ!» ብለው ሳቁ። ካለፈው ኅዳር ወዲህ በስብሰባ ላይ ሲስቁ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው።

ያልፈታሁት አንድ ነገር አለ። እትዬ አይጽፉም። ሐሳባቸውን እኔ ብጽፍላቸው ወረቀቱ ስም አልባነቱን ያጣል፣ ቃላቸውም በእኔ በኩል ያልፋል፤ ያ ደግሞ በኅዳር ምን እንዳስከተለ አይቻለሁ። የልጅ ልጃቸው ስምንተኛ ክፍል ናት፤ በኦሮምኛ እሷ እንድትጽፍላቸው ተስማምተናል። ለሐሙስ ሦስት ወረቀትና አንድ እስክሪብቶ አስቀምጬላቸዋለሁ።